መኸር ሳይገባ የሚበላ ብድር

(በሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ወገኖች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። የአሜሪካው ታሪክ ወርና ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ቤታችሁን ትታችሁ ስለ መንግሥት ዕዳ ልትሰሙ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆኑኝ አንዲት እናት ናቸው። ዲሲ ውስጥ ቤት አላቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ የሒሳብ ሰው ነህ አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። የቤቴን ግብር አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ታዲያ ከተማው ምን ሆኖ ነው የሚበደረው? ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» አሉኝ።

ቆመን ስለነበር ባጭሩ መለስኩላቸው። «ገንዘቡ አልጠፋም እማማ፣ ገና አልደረሰም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። እኔን ግን መልሴ አላረካኝም። ከተማ በተበደረ ቁጥር «ገንዘቡ ገና አልደረሰም» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አንዳንዱ የሚጠብቀው ግን የማይመጣ ገንዘብ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሁለቱ በምን እንደሚለዩ ነው።

ከምናውቀው እንነሳ። ገጠር ያደገ ሰው ክረምትን ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይራቆታል። ማሳው ላይ ቡቃያው ለምለም ሆኖ ይታያል፣ ግን አይበላም። እህሉ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እስከዚያ ልጆች መብላት አለባቸው። ገበሬው ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ አንድ ኩንታል ይበደራል። «ስወቃ እመልሳለሁ» ይላል። አበዳሪው ወጣ ብሎ ማሳውን ያያል። ቡቃያው ደህና ከሆነ ይሰጠዋል። ይህ ገበሬ ሰነፍ አይደለም። እህሉና ረሃቡ ወር አልገጠመላቸውም፣ በቃ።

የአሜሪካ ከተሞች፣ ካውንቲዎችና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ኑሮም ይኸው ነው። የአስተማሪ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል። የአውቶቡስ ነዳጅ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የመንገድ መብራት ቀጠሮ አይሰጥም። ትልቁ ገቢ ግን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው እንደ ጎርፍ የሚመጣው። ዲሲን እንያት። የበጀት ዓመቷ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የዓመቱ የመጀመሪያ የቤት ግብር የሚከፈለው ማርች 31 ነው። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 15። በመሃል የሽያጭና የደመወዝ ግብር ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም ዋናው መኸር እስኪደርስ ስድስት ወር አለ። ስለዚህ ከተማዋ በብዙ ዓመታት ውስጥ የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ እየሸጠች ያንን ጊዜ ተሻግራለች። ሕጉም ልክ አበጅቶለታል። ሰነዱ የወጣበት የበጀት ዓመት ሳያልቅ መከፈል አለበት። የብድሩም መጠን ከዓመቱ ከሚጠበቀው ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ቦንድ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በሕዳሴው ግድብ ነው። ቦንድ ረጅም ነው። ለአሥር፣ ለሃያ፣ ለሠላሳ ዓመት ይወጣል። ዛሬ የምናወራበት ግን «ኖት» ይባላል፣ ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ስሙ የሚወጣለት በሚጠበቀው ገንዘብ ነው። ግብር የሚጠብቅ ከሆነ ባለሙያዎቹ «ታን» ይሉታል። ከስቴት ወይም ከፌዴራል የሚመጣ ድጎማና ሌላ ገቢ የሚጠብቅ ከሆነ «ራን» ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ሲወጡ «ትራን» ይባላሉ። ወደፊት የሚሸጥ ቦንድ የሚጠብቀው ደግሞ «ባን» ነው።

ባን እዚሁ አጠገባችን አለ። የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤትና መንገድ ሲሠራ ገና ከመጀመሪያው ትልቅ ቦንድ አይሸጥም። ሥራ ተቋራጩ በየወሩ ገንዘብ ይፈልጋል። ካውንቲው በአጭር ጊዜ ሰነድ እየተበደረ ይከፍለዋል። ሕንፃው እየቆመ፣ ወጪው እየታወቀ ሲሄድ ቦንዱን ይሸጥና የአጭሩን ዕዳ ይዘጋል። ልጆቻችሁ ከሚማሩበት ክፍል አንዳንዱ መጀመሪያ የተገነባው በባን ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወረቀትና እርሳስ አውጡ። አንድ ትንሽ ካውንቲ በሐሳባችን እንፍጠር። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። በየወሩ 10 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ገቢው የቤት ግብር ብቻ ነው እንበል። ኦክቶበር ላይ 60 ሚሊዮን፣ ጃንዋሪ ላይ 60 ሚሊዮን ይሰበስባል። በዓመት 120 ሚሊዮን ይገባል፣ 120 ሚሊዮን ይወጣል። በጀቱ ልክክ ያለ ነው። ዓመቱን ሲጀምር እጁ ላይ 15 ሚሊዮን አለው።

ጁላይ ሲያልቅ 5 ሚሊዮን ይቀረዋል። ኦገስት ላይ 5 ሚሊዮን ይጎድለዋል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ጉድለቱ 15 ሚሊዮን ይደርሳል። ኦክቶበር ላይ ግብሩ ገብቶ እፎይ ይላል። እንግዲህ ይህ ካውንቲ 16 ሚሊዮን ለሦስት ወር በ3 በመቶ ወለድ ቢበደር፣ ወለዱ 120 ሺህ ዶላር ነው። ኦክቶበር ላይ ዋናውንም ወለዱንም ይከፍላል፣ እጁ ላይ ወደ 35 ሚሊዮን ይተርፈዋል። ማንም አልተጎዳም። አስተማሪው ደመወዙን አገኘ፣ አበዳሪው ወለዱን አገኘ። ለእማማ የሰጠኋቸው መልስ እዚህ ላይ እውነት ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ካውንቲው 60 ሚሊዮን እሰበስባለሁ ብሎ ሁለቱንም ጊዜ 40 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። ፋብሪካ ተዘግቶ ይሆናል። ወይም ከመጀመሪያው ግምቱ ምኞት ነበር። ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያውን ብድር ይከፍላል፣ ማንም አይነቃም። ዲሴምበር ላይ ይጎድለዋል፣ ሌላ ይበደራል። ጃንዋሪ ይከፍላል። አፕሪል ላይ ደግሞ ይጎድለዋል። ጁን ሲያልቅ ጉድጓዱ 25 ሚሊዮን ሆኗል። አዲሱን ዓመት የሚጀምረው 15 ሚሊዮን ይዞ ሳይሆን 25 ሚሊዮን ዕዳ ተሸክሞ ነው። ሦስቱን የበጋ ወራት ለመሻገር ከ55 ሚሊዮን በላይ ያስፈልገዋል። 16 የነበረው ብድር በአንድ ዓመት 55 ገባ። እስካሁን ግን አንድም ቀን አላሳለፈም። ሁሉንም በቀጠሮው ከፍሏል፣ በአዲስ ብድር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህን በሽታ አደገኛ የሚያደርገው ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዕዳው ይከፈላል፣ ጋዜጣ ላይ ምንም አይወጣም፣ ፖለቲከኛው ይመረጣል። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ቃልም አይለወጥም። ያው «ታን» ነው፣ ያው «ራን» ነው። ከጀርባው ያለው ግን ቡቃያ መሆኑ ቀርቶ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል።

አንድ የሕግ ነገር ላክል። እነዚህን ሰነዶች የሚገዛ ሰው ከሚያገኘው ወለድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍልም። ስለዚህ ለከተማው በርካሽ ያበድረዋል። ይህ ደግሞ ፈተና አለው። ከተማው በርካሽ ብዙ ተበድሮ፣ ገንዘቡን ከፍ ያለ ወለድ በሚከፍል የፌዴራል ሰነድ ላይ አስቀምጦ በልዩነቱ ሊያተርፍ ይችላል። የፌዴራል የግብር ሕግ ይህን ይከለክላል። ስለዚህ ሰነድ የሚያወጣ ከተማ አሁን እኛ እንደሠራነው የወር በወር ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ጉድለቱ የት ወር ላይ ስንት እንደሚደርስ ማሳየት አለበት። ያንን ሠንጠረዥ እወደዋለሁ። አንድ ከተማ እውነቱን ሲናገር የሚታየው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ኒውዮርክ እንሂድ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ዛሬም ልቤን ይከብደዋል።

ኒውዮርክ ትልቅ ልብ ያላት ከተማ ነበረች። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1847 ጀምሮ ለነዋሪው ልጅ ነጻ ነበር። ሆስፒታል ነበራት፣ ቤተ መጻሕፍት ነበራት፣ ለድሃ የምታወጣው ብዙ ነበር። በ1960ዎቹ ፋብሪካዎቿ እየወጡ፣ ግብር ከፋዩ ወደ ዳርቻ እየፈለሰ ሲሄድ ወጪዋ ግን ማደጉን ቀጠለ። በ1965 አንድ ትንሽ የምትመስል የሕግ ለውጥ ተደረገች። ከዚያ በፊት ከተማዋ በራን የምትበደረው ባለፈው ዓመት በእጇ በገባው ገቢ ልክ ነበር። ከለውጡ በኋላ ግን ከንቲባው ለሚመጣው ዓመት በሚገምተው ገቢ ልክ መበደር ተቻለ። ልዩነቱን አያችሁት? ድሮ አበዳሪው ማሳውን ያይ ነበር። አሁን የሚያየው ገበሬው ያለመውን ሕልም ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ተንከባለለ። የማይመጣ ድጎማ እንደሚመጣ ተቆጠረ። መቼም የማይሰበሰብ የቤት ግብር እንደሚሰበሰብ ተመዘገበ። የደመወዝና የዕለት ወጪ ለግንባታ በተያዘው በጀት ውስጥ ተጨመረ፤ መጨረሻ ላይ እንዲህ የተደበቀው ወጪ በዓመት ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በ1975 መጀመሪያ የከተማዋ የአጭር ጊዜ ዕዳ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ጠቅላላ ዕዳዋ ወደ 14 ቢሊዮን ነበር። ከኦክቶበር 1974 እስከ ማርች 1975 በስድስት ወር ብቻ ወደ 4 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰነድ ሸጠች። በየወሩ ገበያ ትወጣ ነበር። ያለፈውን ለመክፈል ትበደራለች፣ ያንን ለመክፈል ደግሞ ትበደራለች።

መጀመሪያ የተሰነጠቀው ሌላ ቦታ ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1975 የኒውዮርክ ስቴት የቤት ልማት ድርጅት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ባን መክፈል አቃተው። ቦንድ ሸጬ እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ቦንዱን የሚገዛ አጣ። የባን ጉድ ይኸው ነው። የሚጠብቀው ግብር ሳይሆን የገበያውን ደግነት ነው። ገበያው ፊቱን ካዞረ ባዶ ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኒውዮርክ ከተማ 260 ሚሊዮን ዶላር ታን ልትሸጥ ተዘጋጅታ ነበር። የባንኮቹ ጠበቆች አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። «ይህን ዕዳ የሚከፍለው ግብር የቱ ነው? መዝገቡን አሳዩን።» ከተማዋ በቂ ማስረጃ ማቅረብ አልቻለችም። ሽያጩ ተሰረዘ። ለአሥር ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው በአንድ ሳምንት ሁሉን ያፈረሰው። ባንኮቹንም ከደሙ ንጹሕ አላደርጋቸውም። ሰነዱን እየተቀበሉ ለደንበኞቻቸው ሲሸጡ የኖሩት እነሱ ናቸው። የፌዴራሉ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ በ1977 ባወጣው ሪፖርት ከተማዋንም ባንኮቹንም ወቅሷል። እኔም እስማማለሁ።

አፕሪል ላይ ገበያው ፈጽሞ ተዘጋ። ጁን ላይ ስቴቱ አንድ አዲስ ተቋም መሠረተ፤ «ማክ» ይሉታል። የከተማዋን የሽያጭ ግብር ይዞ በዚያ መያዣ 3 ቢሊዮን ዶላር ድረስ ቦንድ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በጋው ግን ለሠራተኛው መራራ ነበር። ጁላይ 1 ቀን ወደ 5,000 የሚጠጉ ፖሊሶች ከሥራ ተባረሩ። ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሥራ አቆሙ፣ ጎዳናው በቆሻሻ ተሞላ። የተባረሩ ፖሊሶች የብሩክሊንን ድልድይ ዘጉ። የባቡር ዋጋ ከ35 ሳንቲም ወደ 50 ወጣ። ያንን ዕዳ ያከማቹት ሰዎች አንዳቸውም ባቡር ለመሳፈር ሳንቲም አይቆጥሩም ነበር። የቆጠረው የሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው፣ የሆስፒታል ወለል የሚወለውለው ሰው ነው።

ኦክቶበር 17 ቀን 1975፣ ዓርብ። ከዚህ ታሪክ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። በዚያ ቀን 453 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ይደርሳል። ካዝናው ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም። የቀረው ተስፋ የአስተማሪዎች ማኅበር የጡረታ ገንዘብ ነው። ጡረታው 150 ሚሊዮን ዶላር የማክ ቦንድ እንዲገዛ ተጠይቋል። የማኅበሩ መሪ አልበርት ሻንከር ማታ ሙሉ ሲያመነታ አደረ። አስቡት። የሰው ጡረታ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የፈራውን ሰነድ አስተማሪው በእርጅናው ገንዘብ ግዛ ነው የተባለው። በከንቲባ አብርሃም ቢም ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከተማዋ የዛሬውን ዕዳ መክፈል እንደማትችል የሚናገር መግለጫ ተጽፎ ተቀምጧል። ለማንበብ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሻንከር፣ የስቴቱ ገዥ ሂዩ ኬሪና ሌሎች ሰዎች በአንድ አፓርታማ ተገናኝተው ተነጋገሩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ሻንከር እሺ አለ። ገንዘቡ ገባ። የቢም መግለጫ ሳይነበብ ቀረ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ከ12 ቀን በኋላ ከተማዋን አናድንም ብለው ተናገሩ። «ዴይሊ ኒውስ» በማግስቱ ፎርድ ከተማዋን ሙቺ አሏት የሚል ርዕስ በፊት ገጹ አወጣ። ቃሉ ከፕሬዚዳንቱ አፍ አልወጣም፤ ሕዝቡ ግን የሰማው እንደዚያ ነው።

ኖቬምበር ላይ ስቴቱ ሌላ ሕግ አወጣ። የሰነድ ባለቤቶች ወይ ሰነዳቸውን በማክ ቦንድ ይቀይሩ፣ ወይ ሦስት ዓመት ወለድ ብቻ እየተከፈላቸው ይጠብቁ አለ። ከሰነድ ባለቤቶቹ መካከል ለጥቂት ወር ብለው ቁጠባቸውን ያስቀመጡ ተራ ሰዎችም ነበሩ። በኩዊንስ ያለ አንድ ትንሽ ባንክ ከሰሰ። ኖቬምበር 1976 ከስቴቱ ፍርድ ቤቶች ሁሉ የበላይ የሆነው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ከተማዋ እምነቷን አስይዛ ነው የተበደረች፣ ሲቸግራት ቃሏን ማጠፍ አትችልም አለ። ይህ ፍርድ ዛሬም ድረስ ዋጋ አለው። ብሩ ሲያልቅ ቃልም አብሮ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ለየትኛውም ከተማ ማን ያበድር ነበር?

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። ዋሺንግተን መጨረሻ ላይ ልቧ ራራ። በዲሴምበር 1975 ኮንግረስ አንድ ሕግ አጸደቀ፣ ፎርድም ፈረሙ። ያ ሕግ ለኒውዮርክ ስጦታ አልሰጠም። የሰጠው ወቅታዊ ብድር ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ትበደራለች። ወለዱ የፌዴራሉ ግምጃ ቤት ራሱ ከሚከፍለው አንድ በመቶ ከፍ ይላል። በየዓመቱ ጁን 30፣ የበጀት ዓመቷ ሲያልቅ፣ ሳንቲም ሳይቀር ትመልሳለች። እንደገና ከፈለገች በአዲሱ ዓመት አዲስ ትጠይቃለች። ከተማዋ ሕጉ በሠራባቸው ሦስት ዓመታት ሁሉ በቀኑ ከፈለች። ግምጃ ቤቱም ከወለዱ አተረፈ።

አያችሁ? የዳነችው በዚያው መድኃኒት ነው። የገደላትም ያዳናትም ገቢን ጠብቆ የመበደር ዘዴ ነው። የተለየው ቀኑ ነው። ጁን 30 ላይ ዕዳው ዜሮ መሆን አለበት ተባለ። አንድ ጊዜ በዓመት እጅሽን አሳዪን ነው ነገሩ። ማገላበጥ አበቃ።

ከዚያ የወጣው ሕግ እስካሁን አለ። ኒውዮርክ ከተማ ታንና ራን ስታወጣ ከሚጠበቀው ገቢ 90 በመቶ ማለፍ አትችልም። የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ መከፈል አለባቸው። ባንም ለስድስት ወር ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለስድስት ወር ይታደሳል። በገዛ ፈቃዷም እጇን ሰበሰበች። ከ2004 የበጀት ዓመት በኋላ ለብዙ ዓመታት የወቅት ጉድለት ለመሙላት አንድም ሰነድ አላወጣችም። ዩኒቨርሲቲው ግን ነጻ ሆኖ አልቀጠለም። በ1976 ክፍያ ተጀመረ። 129 ዓመት የቆየ ነገር ነው የቆመው።

የክሊቭላንድን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲሴምበር 15 ቀን 1978 ከተማዋ ለአካባቢዋ ባንኮች ያለባትን ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር መክፈል አቃታት። ከኒውዮርክ ጋር ሲተያይ ቁራጭ ገንዘብ ነው። ባንኮቹ ሰነዱን አናድስም አሉ። ወጣቱ ከንቲባ ዴኒስ ኩሲኒች የከተማዋን የመብራት ድርጅት እንድሸጥ ሊያስገድዱኝ ነው ብለው አልሸጡም። ማን ልክ ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኔ ግን አንድ ነገር ያሳየኛል። በየዓመቱ ሰነድ የሚያሳድስ ከተማ በየዓመቱ አንድ ቀን በአበዳሪው መዳፍ ላይ ይውላል።

እዚህ ያላችሁ የቆያችሁ ሰዎች የዲሲን 1995 ታስታውሳላችሁ። የከተማዋ የብድር ደረጃ ወደቀ፣ ገበያው ሊያበድራት አልፈለገም። አፕሪል ላይ ኮንግረስ የተቆጣጣሪ ቦርድ ሾመባት። የተመረጠው ከንቲባ ቆሞ እያለ ገንዘቡን ሌሎች አዘዙበት። ታክሲ የምትነዱ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ጉድጓዱ ስንት ጎማ እንደበላባችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በ2020 ደግሞ ተቃራኒውን አየን። በኮሮና ምክንያት የፌዴራል የገቢ ግብር ቀን ከአፕሪል 15 ወደ ጁላይ 15 ተገፋ። ብዙ ስቴቶችም ተከትለው የራሳቸውን ቀን ገፉ። መኸሩ ሦስት ወር ዘገየ ማለት ነው። ሆስፒታሉና ፖሊሱ ግን መከፈል ነበረበት። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ለስቴቶችና ለከተሞች እስከ 500 ቢሊዮን ዶላር የሚያበድር በር ከፈተ። የሚገዛውም ታን፣ ራንና ባን ነበር። የተጠቀሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኢሊኖይ ስቴትና የኒውዮርክ የትራንስፖርት ባለሥልጣን። ሌሎቹ በሩ መከፈቱ ብቻ በቃቸው። ሌላ አበዳሪ እንዳለ ሲታወቅ ገበያው ተረጋጋ፣ ከዚያው ተበደሩ።

አንድ ወንድም ቅድም «አገር ቤትስ?» ብሎ ጠይቆኛል። የፌዴራሉ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ይሸጣል። ከ28 ቀን እስከ 364 ቀን የሚቆይ ነው። ክልሎች ከአገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የሚወስነው ፌዴራሉ ነው። እዚህ አሜሪካ እንዳለው እያንዳንዱ ከተማ ሰነድ ይዞ ገበያ አይወጣም። የሰነድ ገበያው ራሱ በጃንዋሪ 2025 ነው የተከፈተው። አንድ ቀን ከተሞቻችንም እዚያ ይደርሱ ይሆናል። ሲደርሱ የኒውዮርክን 1965 የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ቢኖር ደስ ይለኛል። በገቢ ልክ መበደርና በግምት ልክ መበደር በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው የሚለያያቸው።

ሰነድ ለመግዛት የምታስቡ አላችሁ፤ ስለ ካውንቲያችሁ ብቻ ማወቅ የምትፈልጉም አላችሁ። የሽያጩ መግለጫ ለሕዝብ ክፍት ነው። ገጹ ብዙ ነው፣ አትፍሩት። የወር በወር ሠንጠረዡን ፈልጉ። ዓምና በዚህ ቀን ስንት ነበረበት፣ ዘንድሮስ ስንት ነው? ጁን 30 ላይ ወይም ሴፕቴምበር 30 ላይ ዜሮ ይሆናል ወይስ ሌላ ሰነድ ይተካዋል? ዕዳው በየዓመቱ ከበጀቱ ፈጥኖ ካደገ፣ ስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። የሦስት ደቂቃ የመናገር ዕድል ይሰጧችኋል። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። የገንዘብ ክፍሉ ሰዎች የሚያውቅ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።

እማማን ባለፈው ሳምንት እንደገና አገኘኋቸው። ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እሺ፣ እኔ ሴፕቴምበር 15 የምከፍለው ቼክ ማን ኪስ ነው የሚገባው?» አሉ። ከተማዋ በዚያ ዓመት ተበድራ ከሆነ፣ ሰነዱ የመጨረሻ ቀኑ ሴፕቴምበር 30 ነው አልኳቸው። ከእርስዎ ቼክ አሥራ አምስት ቀን በኋላ። በጥር የመንገዱን በረዶ ጨው የበተነበት ሰው ደመወዙን በዚያ ብድር ተቀብሎ ሊሆን ይችላል። የወቃነው እህል ወደ ጎረቤት የሚመለሰው ያን ቀን ነው።

እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲያው ዘንድሮም ቀኑን አላሳልፍም» አሉኝ።